ያረጀ ውሻ ቤት ለምን ያበላሻል? ሌሊትስ ለምን ያላዝናል?

መግቢያ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል የአገራችን ሰው። ለመሆኑ ዐሥራ አራት ዓመት በበላበት ሲጮኽ የኖረ ውሻ አርጅቶ፣ በጩኸቱ ምትክ ሌሊት ሌሊት ማላዘን፣ ደጅ መውጣቱን ትቶም ቤት ውስጥ መሽናት ቢጀምር ምን ይደረጋል?

ይህ ጥያቄ የቀረበልኝ ባለፈው ዓመት ክረምት ነበር። ቡቺ የሟች አባቴ ውሻ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ግቢ ሲጠብቅ ኖሮ የኋላ እግሮቹ መድከም ሲጀምሩ፣ እናቴ ከብርዱ አስገብታ በቤቱ መተላለፊያ ላይ እንዲተኛ ፈቀደችለት። እርሱም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የቤቱን ሥርዓት ተማረ። ሽንቱ ሲመጣ በሩን በፊት እግሩ ይቧጭራል፤ ሲከፈትለት ይወጣል። ለሁለት ዓመት ያህል በዚህ ሁኔታ ከቆየ በኋላ ግን በሐምሌ ወር ሥርዓቱ ፈረሰ። መተላለፊያው ጠዋት ጠዋት ረጥቦ ይገኝ ጀመር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማም ውሻው ያላዝናል። ውሻ ሲያላዝን መርዶ ይጠራል የሚል እምነት ባለበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ጎረቤታችን «አርጅቷል፤ በመኪና ወስዳችሁ ከከተማ ውጭ ጣሉት» ሲሉ መከሩ። እናቴም እንቅልፍ አጥታ ባደረችበት አንድ ጠዋት ስልክ ደውላ፣ «ልጄ፣ ወይ መላ ፈልግለት፣ ወይ ውሰድና የማላየው ቦታ አድርገው» አለችኝ።

እኔም መላ ፈለግሁ። «የሚገባው ውሃ ከቀነሰ የሚወጣውም ይቀንሳል» በሚል ስሌት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የውሃ ሳህኑ እንዲነሣ አዘዝኩ። ቁስ አይጠፋም፣ ከምንም አይፈጠርም የሚለውን ሕግ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ ስለማስተምር በስሌቴ እርግጠኛ ነበርኩ። ሆኖም መፍትሔው ስሕተት ብቻ ሳይሆን ለውሻው ሕይወትም አደገኛ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስሕተቱ የት ላይ እንደነበረ ማሳየትና፣ ያረጀ ውሻ ያላቸው አንባብያን ከመቅጣታቸው ወይም ከማባረራቸው በፊት ምን መለካትና ምን መመዝገብ እንደሚገባቸው ማስረዳት ነው።

1. አንድ ምልክት፣ ብዙ መንስኤ

በፊዚክስ ሁለት ዓይነት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው ቀጥተኛ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ የ4 ኦምና የ6 ኦም ሬዚስተሮች በተከታታይ ቢገናኙ ድምራቸው ስንት ነው? መልሱ አንድና አንድ ብቻ ነው፤ 10 ኦም። ሁለተኛው ደግሞ ተገላቢጦሽ ጥያቄ ይባላል። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ በተከታታይ የተገናኙ ሁለት ሬዚስተሮች ድምር 10 ኦም ከሆነ፣ እያንዳንዳቸው ስንት ናቸው? 4 እና 6፣ 3 እና 7፣ 1 እና 9 ሊሆኑ ይችላሉ። ሣጥኑን ከውጭ በማየት ብቻ መለየት አይቻልም። ተጨማሪ ልኬት ያስፈልጋል።

ያረጀ ውሻ እንደዚህ የተዘጋ ሣጥን ነው። የምናየው ውጤት አንድ ነው፤ የረጠበ ወለል። መንስኤዎቹ ግን ብዙ ናቸው። የእንስሳት ሐኪሞች ከሚዘረዝሯቸው መካከል ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) ውሻው የሚያረጥበው ተኝቶ ሳለ ከሆነና መኝታው ብቻ ከረጠበ፣ የፊኛ መዝጊያ ጡንቻ መላላትን ያመለክታል። ይህ በተለይ በተኮላሹ ሴት ውሾች ላይ ይታያል።

ለ) የሽንቱ መጠን ብዙ፣ የሚጠጣውም ውሃ ብዙ ከሆነ የኩላሊት ድካም፣ የስኳር በሽታ ወይም የሆርሞን መዛባት ሊሆን ይችላል።

ሐ) ጥቂት ጥቂት እያለ ቶሎ ቶሎ የሚሸና፣ የሚያምጥ ወይም ደም የሚታይበት ከሆነ የፊኛ ኢንፌክሽን፣ ጠጠር ወይም በወንዶች ላይ የፕሮስቴት ዕጢ ችግር ይጠረጠራል።

መ) ወደ በሩ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚያመልጠው ከሆነ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የሚያንሸራትት ወለል ወይም የዓይን ድካም አለ ማለት ሊሆን ይችላል።

ሠ) ደጅ ቆይቶ ምንም ሳያደርግ ተመልሶ ወዲያው ቤት ውስጥ የሚሸና፣ ግድግዳ ላይ የሚያፈጥ፣ ጥግ ገብቶ መውጫው የሚጠፋው ከሆነ የአእምሮ መጃጀት ይታሰባል።

ረ) የሚያበላሸው ሰው ትቶት ሲሄድ ብቻ ከሆነ መንስኤው ፍርሃትና ጭንቀት ሊሆን ይችላል።

አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባው፣ በዚህ ዝርዝር ውስጥ «እልኸኝነት» ወይም «ጥጋብ» የሚል መንስኤ አለመኖሩን ነው። ሥርዓት ለዓመታት ጠብቆ የኖረ ውሻ በስተርጅና ሥርዓቱን ሲያፈርስ በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ጠባዩ ሳይሆን ጤናው ነው። በተጨማሪም ከአንድ በላይ መንስኤ በአንድ ውሻ ላይ ሊገኝ ይችላል። የቡቺም ጉዳይ እንዲሁ ሆኖ ተገኝቷል።

2. የኩላሊት ስሌት

ኩላሊት ደምን የሚያጣሩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት፤ ኔፍሮን ይባላሉ። የኔፍሮኖች ተግባር ማጣራት ብቻ አይደለም። ከተጣራው ፈሳሽ ውስጥ አብዛኛውን ውሃ ወደ ደም መልሰው ቆሻሻውን በጥቂት ውሃ ያስወጣሉ። ይህ ችሎታ ሽንትን ማወፈር ልንለው እንችላለን። ከጠቅላላዎቹ ኔፍሮኖች ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ሲሞቱ የማወፈር ችሎታው ይጠፋል። ሌሎች የበሽታው ምልክቶች ጎልተው ከመታየታቸው በፊትም የሽንት መብዛት ቀድሞ ሊታይ ይችላል።

የሽንትን ውፍረት የምንለካው በአንጻራዊ እፍግታ ነው፤ ይህም የሽንቱ እፍግታ ለንጹሕ ውሃ እፍግታ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። የንጹሕ ውሃ አንጻራዊ እፍግታ 1.000 ነው። ጤነኛ የውሻ ኩላሊት ውሃ መቆጠብ ሲያስፈልገው ሽንቱን ከ1.030 በላይ ማወፈር ይችላል። የማወፈር ችሎታውን ያጣ ኩላሊት ግን በ1.008 እና በ1.012 መካከል ይቆማል።

ከ1.000 በላይ ያለው ትርፍ በሽንቱ ውስጥ ከሟሟው ቆሻሻ መጠን ጋር በግምት ተመጣጣኝ ነው። ውሻው የሚበላው ምግብ ካልተለወጠ በቀን የሚያስወጣው ቆሻሻም አይለወጥም። ስለዚህ፣

የሽንት መጠን × (አንጻራዊ እፍግታ − 1) = ቋሚ ቁጥር

20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ውሻ እንውሰድ። ጤነኛ ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ ከ20 እስከ 45 ሚሊ ሊትር ያህል ይሸናል። የእኛ ውሻ በ1.030 እፍግታ በቀን 500 ሚሊ ሊትር የሚሸና ቢሆን፣ ቋሚው ቁጥር 500 × 0.030 = 15 ይሆናል። ኩላሊቱ ደክሞ እፍግታው ወደ 1.010 ሲወርድ ይህንኑ 15 ለማግኘት 1500 × 0.010 ያስፈልጋል። ማለትም ውሻው ያንኑ ቆሻሻ ለማስወጣት በቀን አንድ ሊትር ተኩል መሽናት ግድ ይሆንበታል።

አሁን ፊኛው 250 ሚሊ ሊትር ሲሞላ የመሽናት ፍላጎት ይመጣል እንበል። ቀድሞ በቀን 2 ጊዜ፣ ማለትም በየ12 ሰዓቱ መውጣት ይበቃው ነበር። አሁን ግን 6 ጊዜ፣ ማለትም በየ4 ሰዓቱ መውጣት አለበት። እናቴ ማታ 3 ሰዓት በሩን ዘግታ ንጋት 12 ሰዓት ብትከፍት በመካከሉ 9 ሰዓት አለ። ውሻው ምንም ያህል ሥርዓት ቢያውቅ ይህን 9 ሰዓት መሻገር አይችልም።

የእኔ ስሕተት አሁን ግልጽ ይሆናል። «የሚገባው ሲቀንስ የሚወጣው ይቀንሳል» የሚለው ስሌት የሚሠራው ኩላሊቱ እንደ ቧንቧ መዝጋትና መክፈት የሚችል ከሆነ ነው። የደከመ ኩላሊት ግን መዝጊያው እንደተበላሸ ቧንቧ ነው። ውሃ ገባም አልገባም ያስወጣል። በቀን 1500 ሚሊ ሊትር ማለት በሰዓት 62.5 ሚሊ ሊትር ነው። ሳህኑ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ለ11 ሰዓት ቢነሣ፣ ውሻው 690 ሚሊ ሊትር ገደማ ያለ ምትክ ያጣል። ይህም ከ20 ኪሎ ግራም ክብደቱ ውስጥ 3.4 በመቶ ያህሉ ነው። 70 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ቢሰላ በአንድ ሌሊት 2.4 ሊትር ውሃ እንደማጣት ይቆጠራል። ስለዚህ ብዙ ለሚሸና ውሻ ሐኪም ሳያዝ ውሃ መከልከል ፈጽሞ አይገባም።

3. ሽንት በብርሃን ሲለካ

ከእናቴ ጋር የሚኖረው የእህቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ለፈተና ሲያጠና እስከ እኩለ ሌሊት ስለሚቆይ በአንድ ደብተር ላይ የቡቺን ነገር እንዲመዘግብ ነገርኩት። ዓምዶቹ አምስት ነበሩ፤ ቀንና ሰዓት፣ ቦታ፣ መጠን፣ ከዚያ በፊት ውሻው ምን ያደርግ እንደነበር፣ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ውሻውንም ደብተሩንም ይዘን ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድን።

ሐኪሟ ወጣት ነበረች። ደብተሩን ገጽ በገጽ አገላብጣ አየችና፣

«ውሃውን ማታ ማታ የሚያነሣው ማን ነው?» ስትል ጠየቀች።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አልኩ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከዛሬ ጀምሮ ይመለስለት» አለችኝ። ከዚያም ከመሳቢያዋ አንድ ዕቃ አወጣች። በቤተ ሙከራችን ለዓመታት የተጠቀምኩበት ሪፍራክቶሜትር ነበር።

የዚህ መሣሪያ አሠራር በብርሃን ስብረት ላይ የተመሠረተ ነው። ብርሃን ከአንድ ግልጽ ነገር ወደ ሌላው ሲያልፍ አቅጣጫው ይሰበራል። የንጹሕ ውሃ የስብረት ቁጥር 1.333 ነው። በውሃው ውስጥ የሟሟ ነገር ሲበዛ ይህ ቁጥር ከፍ ይላል። አንድ ጠብታ ሽንት በመሣሪያው ፕሪዝም ላይ ይደረግና በክዳኑ ተሸፍኖ ወደ ብርሃን ይታያል። በዓይን ማያው ውስጥ ብሩህና ጨለማ ክፍሎችን የሚለይ መስመር ይታያል። መስመሩ የሚያርፍበት ቦታ በስብረቱ መጠን ስለሚወሰን፣ በጎኑ ካለው መስፈሪያ ላይ አንጻራዊ እፍግታው በቀጥታ ይነበባል። መሣሪያው ባትሪም ኤሌክትሪክም አይፈልግም።

የቡቺ ንባብ 1.011 ነበር። ሆኖም አንድ ንባብ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሌላ በሽታም ሽንትን ሊያቀጥን ይችላል፤ ጤነኛ ውሻም ብዙ ውሃ በጠጣ ማግስት ቀጭን ሽንት ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሟ በሽንቱ ውስጥ ስኳር መኖር አለመኖሩን መረመረች፤ ደሙንም ወስዳ የዩሪያና የክሬአቲኒን መጠን አስለካች። ውጤቱ የኩላሊት ድካም መሆኑን አረጋገጠ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ወደ እኔ ዞራ፣ «እንዲያው ይህን ሁሉ ዘመን የተማርኸው ለተጠማ ውሃ ለመከልከል ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

4. መገጣጠሚያ፣ ወለልና ብርድ

በደብተሩ ላይ ኩላሊት ብቻውን የማያስረዳው ነገርም ነበር። ሁለት ጊዜ በቀን ብርሃን፣ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ ዓይነ ምድር በመተላለፊያው ላይ አምልጦታል። ሁለቱም ጊዜ የሆነው የሚያንጸባርቅ ሴራሚክ በተነጠፈበት ክፍል ላይ ነው።

ውሻ በሚራመድበት ጊዜ እግሩ ወለሉን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ወለሉም በሰበቃ ኃይል አማካይነት ውሻውን ወደ ፊት ይገፋዋል። ትልቁ የሰበቃ ኃይል በወለሉ ሻካራነት ይወሰናል። ለስላሳ ሴራሚክ ላይ፣ በተለይም ሲረጥብ፣ ይህ ኃይል እጅግ ያንሳል። ወጣት ውሻ በጡንቻው ጥንካሬ ሚዛኑን ይጠብቃል። መገጣጠሚያው የሚያመው ሽማግሌ ውሻ ግን እግሮቹ ወደ ጎን ይንሸራተቱበታል። አንድ ጊዜ የወደቀበትን ወለል መፍራት ይጀምርና ወደ በሩ ከመሄድ ይዞ መቆየትን ይመርጣል። መያዝ ሲያቅተው ያመልጠዋል። መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው፤ ከመኝታው እስከ በሩ ድረስ የማይንሸራተት ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ጥፍሩንና በመዳፉ መካከል ያደገውን ፀጉር መቁረጥ።

ደረጃም እንደዚሁ ነው። ከግቢው ወደ ቤቱ የሚያስገባው ደረጃ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። 20 ኪሎ ግራም ክብደት በዚህ ከፍታ ለማንሣት 60 ጁል ያህል ሥራ ያስፈልጋል። 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ተዳፋት ጣውላ ቢደረግ ሥራው ያው 60 ጁል ነው፤ በየቅጽበቱ የሚያስፈልገው ኃይል ግን፣ ሰበቃን ካልቆጠርን፣ የክብደቱ አንድ አምስተኛ ብቻ ይሆናል። የታመመን መገጣጠሚያ የሚጎዳው ጠቅላላው ሥራ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚያርፍበት ኃይል ነው።

ብርድም መዘንጋት የለበትም። ሲሚንቶ ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታው ከደረቅ ጭድ ወደ ሃያ እጥፍ ይበልጣል። ጡንቻው የሟሸሸና ስቡ ያነሰ ሽማግሌ ውሻ በክረምት ሌሊት ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ ሲተኛ ሙቀቱ ያለማቋረጥ ወደ ወለሉ ይፈስሳል። ከወለሉ ከፍ ያለ የጣውላ መደብ፣ በላዩም የጭድ ፍራሽና አሮጌ ብርድ ልብስ ይህን ፍሰት ይገታሉ። ለቡቺ የእናቴ አሮጌ ጋቢ ተሰጠው።

5. አእምሮ ሲያረጅ

የውሻ አእምሮም እንደ ሰው አእምሮ ያረጃል። በሰዎች የአልዛይመር በሽታ ውስጥ በአንጎል የሚከማቸው ቤታ አሚሎይድ የተባለው ፕሮቲን ባረጁ ውሾች አንጎል ውስጥም ይከማቻል። የፕሮቲኑ የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል በሁለቱም አንድ ነው። በዚህ ምክንያት ያረጀ ውሻ የሰውን መጃጀት ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች ጠቃሚ አብነት ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የተደረገ ጥናት አራት ምልክቶችን ተመልክቷል፤ አቅጣጫ መሳት፣ ከሰው ጋር ያለ ግንኙነት መለወጥ፣ የእንቅልፍና የንቃት ሰዓት መዛባት፣ ቤት ማበላሸት። ከ11 እስከ 12 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ውሾች 28 በመቶ፣ ከ15 እስከ 16 ዓመት ካላቸው ደግሞ 68 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንዱ ምልክት ታይቶባቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የውሾች እርጅና ፕሮጀክት ከ15 ሺህ በላይ ውሾችን በማካተት የታተመ ጥናት ደግሞ፣ እንቅስቃሴ የማያደርጉ ውሾች በጣም ከሚንቀሳቀሱት ይልቅ የመጃጀት ምልክት በእጅጉ እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። እዚህ ላይ ተማሪዎች ጥንቃቄ ማድረግ ይገባቸዋል። ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንደኛው ለሁለተኛው መንስኤ መሆኑን አያረጋግጥም። ውሻው የጃጀው ስላልተንቀሳቀሰ ነው ወይስ ያልተንቀሳቀሰው ስለጃጀ ነው? ጥናቱ ብቻውን ይህን አይለይም። ይሁን እንጂ ቢግል በተባሉ ውሾች ላይ ለሁለት ዓመት የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሙከራ፣ በአንቲኦክሲዳንት የዳበረ ምግብ የተሰጣቸውና አዘውትረው እንዲንቀሳቀሱና አዲስ ነገር እንዲማሩ የተደረጉ ሽማግሌ ውሾች የመማር ችሎታቸው የተሻለ ሆኖ መቆየቱን አሳይቷል። ስለዚህ አጭር የየዕለት ጉዞና የተደበቀ ምግብን እንደ መፈለግ ያለ ጨዋታ ለሽማግሌ ውሻ ቅንጦት አይደለም።

መድኃኒትም አለ። ለፓርኪንሰን በሽታ የሚታዘዘው ሴሌጂሊን እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ለውሾች መጃጀት እንዲውል ተፈቅዷል። ምልክቱን ሊያቀልል ይችላል እንጂ በሽታውን አያድንም።

6. ማላዘን ምን ይናገራል?

ተመራማሪው ዩጂን ሞርተን እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ በአዕዋፍና በአጥቢ እንስሳት ድምፅ ውስጥ አንድ የጋራ ሕግ እንዳለ አመልክቷል። ሊያጠቃ የተዘጋጀ እንስሳ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ሻካራ ድምፅ ያሰማል። የፈራ ወይም የሚለማመጥ እንስሳ ግን ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል። የውሻ ማጉረምረም የመጀመሪያው፣ ተለሳልሶ ማላዘን የሁለተኛው ዓይነት ነው። እንግዲህ ማላዘን በመሠረቱ ልመና ነው። የሚቀረው ምን እንደሚለምን ማወቅ ነው።

ይህንንም የሚነግረን ሰዓቱና ሁኔታው ነው። ከተኛበት ሲነሣ የሚያላዝን ውሻ የሚያመው ነገር አለ። ጨለማ ውስጥ ብቻ የሚያላዝን ዓይኑ ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ ትንሽ የሌሊት መብራት ትረዳዋለች። ቀን ተኝቶ ሌሊት የሚዞርና ያለ ምክንያት የሚያላዝን አእምሮው የሰዓት ሥርዓቱን ስቶ ይሆናል። ሰው ሲመጣ ወዲያው ዝም የሚል ደግሞ ብቸኝነት አስጨንቆት ሊሆን ይችላል። ውሃ የተከለከለ ውሻም ከጥማት የተነሣ ያላዝናል። በእርግጥም ሳህኑ ከተነሣ በኋላ የቡቺ ማላዘን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወደ 7 ሰዓት መቅደሙን ደብተሩ ያሳያል።

ከሁሉም በላይ ደብተሩ ያሳየን አንድ ነገር ነበር። በአብዛኞቹ ሌሊቶች ማላዘኑ የሚሰማው ወለሉ ከመርጠቡ በፊት፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነበር። ቡቺ ቀድሞ በሩን ይቧጭር ነበር። የኋላ እግሮቹ ሲደክሙ ግን የፊት እግሩን አንሥቶ በሩን መቧጨር አቃተው። በምትኩ በድምፁ ይጣራ ጀመር። እኛ ክፉ ምልክት ያልነው ድምፅ «ክፈቱልኝ» የሚል ነበር። የሚከፍትለት ሲያጣ እስከቻለ ድረስ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ያመልጠዋል። ሥርዓቱን የረሳ መስሎን ነበር እንጂ አልረሳም ነበር።

7. ምን እናድርግ?

ሀ) በቅድሚያ የእብድ ውሻ በሽታ አለመሆኑን እናስብ። በአገራችን በሽታው በስፋት ስለሚገኝ ይህን መዝለል አይቻልም። የውሻው ጠባይ በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት ከተለወጠ፣ ድምፁ ከተቀየረ፣ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ያለ ምክንያት ከተናከሰ፣ አፉን ለመክፈት ሳይሞከር ለብቻው ተዘግቶ ሐኪም ይጠራ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ታጥቦ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የእርጅና ለውጥ በአንጻሩ በሳምንታትና በወራት የሚመጣ ነው።

ለ) ለሁለት ሳምንት እንመዝግብ። የሚጠጣውንም ውሃ እንለካ። ጠዋት በሊትር ተለክቶ የተሞላ ሳህን በማግስቱ በዚያው ሰዓት የቀረው ይለካል። በትነት የጠፋውን ለማወቅ፣ ያንኑ የሚመስል ሌላ ሳህን ውሻው በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ ከእርሱ የጎደለው ይቀነሳል። በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሚጠጣ ውሻ ያለ ጥርጥር ምርመራ ያስፈልገዋል። ለ20 ኪሎ ግራም ውሻ ይህ 2 ሊትር ማለት ነው።

ሐ) አንድ ነገር ብቻ በአንድ ጊዜ እንለውጥ። ምንጣፉን፣ የመውጫ ሰዓቱንና ምግቡን በአንድ ቀን ብንለውጥ የትኛው እንደረዳ ማወቅ አንችልም። ሐኪም ያዘዘው ሕክምና ግን ለሙከራ ሲባል አይዘግይ።

መ) አንቅጣ። አፍንጫውን ከሽንቱ ላይ ማሸት ወይም መምታት ምንም አያስተምርም። ከድርጊቱ ብዙ ቆይቶ የመጣ ቅጣት ለውሻው ከድርጊቱ ጋር አይያያዝለትም። የሚማረው ሰውን መፍራትና ተደብቆ መሽናትን ብቻ ነው።

ሠ) የሰው የሕመም ማስታገሻ አንስጥ። አይቡፕሮፊንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። ፓራሲታሞልም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አደገኛ ነው። ኩላሊቱ ለደከመ ውሻ ጉዳቱ የባሰ ይሆናል።

ረ) በጥንቃቄ እናጽዳ። ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ በባክቴሪያ ተሰባብሮ አሞኒያ ይሆናል። በዚህ ላይ በረኪና ቢፈስስ ክሎራሚን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በረኪናን ከአቼቶ ጋር መደባለቅም የክሎሪን ጋዝ ስለሚፈጥር ፈጽሞ አይገባም። ሽንቱን በጨርቅ አስመጥጦ በሳሙናና በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ቢገኝ ኢንዛይም ባለበት ማጽጃ መጠቀም ይሻላል። ሽታው ከቀረ ውሻው ወደዚያው ቦታ ይመለሳል።

ማጠቃለያ

ለቡቺ ያደረግነው ይህ ነው። ውሃው ተመለሰለት፤ ሐኪሟ ለኩላሊቱ የሚስማማ ምግብ አዘዘችለት፤ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ተዳፋት ጣውላ ተሠራ። በየ4 ሰዓቱ የመውጣቱ ጉዳይ ከሁሉ ከባድ መስሎን ነበር። ነገር ግን ምሽት 2 ሰዓት እራት ሲበላ ይወጣል፤ ሌሊት 6 ሰዓት የእህቴ ልጅ ጥናቱን ሲጨርስ ያወጣዋል፤ ሌሊት 10 ሰዓት እናቴ ለጸሎት ስትነሣ ትከፍትለታለች። ቤቱ ቀድሞውንም በየ4 ሰዓቱ ይነቃ ነበር፤ የሚያስፈልገው መገጣጠም ብቻ ነበር። ማላዘኑ በአብዛኛው ቆመ። ወለሉ ግን አልፎ አልፎ መርጠቡ አልቀረም።

የእርጅናን አቅጣጫ መቀልበስ አልቻልንም። በመጋቢት ምግብ መተው ጀመረ፤ እናቴንም አንዳንድ ጊዜ አይለያትም ነበር። ሐኪሟ «ይበላል? ራሱን ችሎ ይነሣል? የሚወዳቸውን ሰዎች ሲያይ ደስ ይለዋል?» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ሰጥታን በየቀኑ በዚያው ደብተር ላይ እንድንጽፍ ነግራን ነበር። የሦስቱም መልስ ለሁለት ሳምንት «አይ» ሲሆን ቤት ድረስ መጥታ ያለ ሥቃይ አሳረፈችው። ያ ውሳኔም ከባድ ነበር፤ ነገር ግን በቁጣ ወይም በድካም ሳይሆን በማስረጃ የተደረገ ውሳኔ ነበር። በሐምሌ ወር የጎረቤታችንን ምክር ሰምተን ቢሆን ኖሮ፣ ሲጠራን ያልሰማነውን ውሻ ለመጣራቱ ብለን በጣልነው ነበር።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ክብደቱ 12 ኪሎ ግራም የሆነ ውሻ በአንጻራዊ እፍግታ 1.032 በቀን 300 ሚሊ ሊትር ይሸናል። ምግቡ ሳይለወጥ እፍግታው ወደ 1.008 ቢወርድ በቀን ስንት ሚሊ ሊትር ይሸናል?

2. በጥያቄ 1 ላይ ያለው ውሻ ፊኛው 150 ሚሊ ሊትር ሲሞላ መውጣት የሚፈልግ ከሆነ በስንት ሰዓት አንድ ጊዜ መውጣት አለበት?

3. አንድ ውሻ ሌሊት ያላዝናል፤ ሰው ሲመጣ ዝም ይላል፤ ወለሉም አይረጥብም። ሦስት መላ ምቶችን አቅርቡ። እያንዳንዱን ከሌሎቹ የሚለይ፣ አንድ ነገር ብቻ የሚለውጥ ሙከራም ንደፉ።

መልስ፦ 1) 1200 ሚሊ ሊትር። 2) በየ3 ሰዓቱ። የ3ኛው ጥያቄ መልስ ለአንባቢው ደብተር ተትቷል።